የጓሮ ቃላት፣ በደባርቅ ብርድ ሲተረጎሙ

የጎመን ዘር የገዛሁባት ትንሽ ከረጢት ጀርባ ላይ «ችግኙ በ30 ቀን ለመዛወር ይደርሳል» ይላል። ደባርቅ በገባሁ በመጀመሪያው ዓመት መስከረም ላይ ዘሩን አፈላሁ፤ ቀኑን በጣቴ ቆጥሬም ልክ በ30ኛው ቀን ችግኞቹን ነቅዬ ወደ ጓሮ አዛወርኋቸው። በሦስተኛው ሌሊት ሰማዩ ጠራ። ጠዋት ስነሣ ቅጠሎቹ የተቀቀሉ መስለው ተኝተዋል። ጎረቤቴ፣ እናቴ የሚሆኑ ሴት፣ ካቡን ተደግፈው አዩና «ልጄ፣ ሳታላምዳቸው?» አሉኝ። ያቺ አንዲት ቃል ከረጢቱ ላይ አልነበረችም።

ከዚያ ወዲህ የጓሮ ቃል ባጋጠመኝ ቁጥር ሁለት ነገር እጠይቃለሁ፦ እጄ ምን ይሥራ? በየትኛው ወር ይሥራ? ከዚህ በታች ያሉትን ቃላት በፊደል ተራ አላስቀመጥኋቸውም፤ ሥራው በሚመጣበት ተራ ነው የሚመጡት። ገብስና ባቄላ ሲያርሱ ያደጉ ከሆነ አብዛኞቹን ያውቋቸዋል። የሚቀረው ከማሳ ወደ ጓሮ ማምጣቱ ነው።

ከአፈሩ በፊት ብርዱ

በመጀመሪያ የቆሙበትን ከፍታ ይወቁ። ደባርቅ ከባሕር ወለል በላይ 2,850 ሜትር ገደማ፣ ዳባት 2,600 ሜትር ገደማ ላይ ናቸው፤ ሁለቱም ደጋ ናቸው። ከደባርቅ ሊማሊሞን ቁልቁል ወርደው ዛሪማ ሲደርሱ ቆላ ገብተዋል፤ ሹራብዎንም አውልቀዋል። ወደ ሳንቃበርና ወደ ጨነቅ ሽቅብ ከወጡ ደግሞ አገሩ ራሱ «ውርጭ» ወደሚባለው የአየር ክልል ይጠጋል። 1,000 ሜትር በወጡ ቁጥር አየሩ በአማካይ 6 ዲግሪ ያህል ይቀዘቅዛል። ተክል ደግሞ የሚቆጥረው ቀን ሳይሆን ሙቀት ነው። ስለዚህ ለወይና ደጋ ታስቦ የተጻፈ «30 ቀን» ደባርቅ ላይ 40፣ አንዳንዴም 50 ቀን ይሆናል።

መፍትሔው ቀን መቁጠር ትቶ ቅጠል መቁጠር ነው። የጎመን ዘር ሲበቅል መጀመሪያ የሚወጡት ሁለቱ ቅጠሎች ዘሩ ስንቅ አድርጎ የያዛቸው ናቸው፤ እነሱ አይቆጠሩም። ከእነሱ ቀጥሎ የጎመንን መልክ ይዘው የሚመጡት «እውነተኛ ቅጠል» ይባላሉ። አራት ወይም አምስት እውነተኛ ቅጠል ካወጣና ግንዱ እርሳስ ካከለ ችግኙ ደርሷል፤ የቀን መቁጠሪያው የፈለገውን ይበል።

«ውርጭ» እንግዲህ ሁለት ነገር ነው፤ የአየር ክልል ስምም፣ ቅጠል የሚያረግፍ ብርድም። «አመዳይ» የሚባል ወንድም አለው። ሰው ሁለቱን እያቀያየረ ይጠራቸዋል፤ እኔ ግን ለሥራዬ ስል ለይቼ እይዛቸዋለሁ። አመዳይ የሚታየው ነው፦ ጤዛው ቅጠልና ሣር ላይ ረግቶ እንደ አመድ ነጭ ሆኖ ያድራል። ውርጭ ግን ሳይታይም ይገድላል። አየሩ ደረቅ ከሆነ ምንም ነጭ ነገር ሳያርፍ ቅጠሉ ውስጥ ያለው ውኃ ይረጋል፤ ፀሐይ ስትወጣ ቅጠሉ ይጠቁርና ይልፈሰፈሳል። «አመዳይ አላየሁም፣ ታዲያ ምን መታው?» የሚል ሰው መልሱ ይኸው ነው።

ከጥቅምት እስከ ጥር ባለው ጊዜ ከሰዓት በኋላ ወደ ሰማይ ይመልከቱ። ደመና ከሌለ፣ ነፋሱም ጸጥ ካለ፣ ያ ሌሊት አደገኛ ነው። ደመና ለመሬት እንደ ጋቢ ነው፤ ሲነሣ ቀን የሰበሰበችው ሙቀት ሽቅብ ይሸሻል። በዚያው ቀን፣ ፀሐይ ገና ሳለች፣ አፈሩን ያጠጡ፤ እርጥብ አፈር ከደረቅ አፈር የበለጠ ሙቀት ይዞ ያድራል። ቅጠሉን ግን አያርሱ። ከዚያ በመደቡ ዙሪያ አጫጭር እንጨት ተክለው ጆንያ ወይም ጭድ ይደርቡበት፤ ቅጠሉን እንዳይነካው። ፀሐይ ከመግባቷ በፊት መሸፈን ይሻላል፤ ከመሸ በኋላ የሚደረብ ጆንያ ብርዱን አቅፎ እንደ ማደር ነው። ጠዋት ይግለጡት።

ሌላም ብዙ ሰው የማያስበው ነገር አለ። ቀዝቃዛ አየር ከባድ ስለሆነ እንደ ውኃ ቁልቁል ይፈስሳል፤ ጎድጓዳ ስፍራ ሲያገኝ ይተኛል። ጓሮዎ ተዳፋት ላይ ከሆነና በግርጌው በኩል ጥቅጥቅ ያለ የድንጋይ ካብ ካለ፣ ካቡ ብርዱን እንደ ግድብ ያቁረዋል። በታችኛው ማዕዘን አንድ ክንድ የሚያህል መውጫ ይተዉለት፤ የበግ መግቢያ እንዳይሆን በእሾህ ይዝጉት፤ አየሩ በእሾህ መካከል ያልፋል። የችግኝ መደብዎን ከጓሮው ከፍ ባለው በኩል ያድርጉ። ለዚህ ዘዴ ሳንቲም አላወጣሁም፤ ከገዛሁት ነገር ሁሉ ግን የበለጠ ጠቅሞኛል።

ገመሳ፣ መደብ፣ ፈሰስ

ያልታረሰ መሬት ለመጀመሪያ ጊዜ ሲሰነጠቅ «ገመሳ» ነው፤ ሁለተኛው «ድገማ»፣ ሦስተኛው «ሥለሳ» ይባላል። ጓሮ በዶማ ቢቆፈርም ሥርዓቱ ያው ነው። ብዙ ጀማሪ ገመሳውን ጨርሶ ዘር ይበትናል። ገመሳ ግን አረሙን ገልብጦ ለፀሐይ የሚያሰጣ ሥራ ነው፤ ጓሉ የሚሰበረው በድገማ ነው። ካሮትን ለመሰለ ሥሩ ለሚበላ ነገር ሥለሳ የግድ ነው፤ አለዚያ ካሮቱ ከጓል ጋር ሲጋጭ ሁለት እግር አውጥቶ ይመጣል።

«መደብ» ዘር ወይም ችግኝ የሚያርፍበት የተስተካከለ አፈር ነው። ወርዱ ከአንድ ሜትር አይብለጥ፤ ከግራና ከቀኝ ቆመው መካከሉን ሳይረግጡ እንዲደርሱበት ነው። በክረምት «ከፍ ያለ መደብ» ይሥሩ፤ አፈሩን ከመሄጃው አንድ ስንዝር ያህል ከፍ ያድርጉት። በበጋ ደግሞ «ዝቅ ያለ መደብ»፣ ዙሪያው ከንፈር ያለው፣ የሚያጠጧትን ጥቂት ውኃ የሚይዝ። በበጋ ከፍ ያለ መደብ የሚሠራ ሰው ውኃውን ለመሄጃው እያጠጣ ነው።

«ቦይ» እና «ፈሰስ» የሚያደናግሩ ናቸው። ቦይ ውኃ ወደ ተክሉ ያመጣል፤ ፈሰስ የተረፈውን ጎርፍ ያስወጣል። ፈሰስ ሲያወጡ ቁልቁል ቀጥ አድርገው አይቅደዱት፤ ተዳፋቱን አግድም ይዞ በጥቂቱ ያዘንብል። ቀጥ ያለ ፈሰስ በሁለት ክረምት ቦረቦር ይሆናል፤ ከደባርቅ እስከ ዳባት ባለው መንገድ ግራና ቀኝ ቦረቦር ማየት ብርቅ አይደለም። አፈርዎ ጥቁር ዋልካ ከሆነ ፈሰስ ሳያወጡ ነጭ ሽንኩርት አይትከሉ፤ ውኃ ሲተኛበት ይበሰብሳል።

«ፈር» ዘር የሚወርድበት ቀጭን መስመር ነው። «ፈር ቀዳጅ» የምንለው የሙያ መሪ ስሙን ያገኘው ከዚሁ ነው፤ ፈር መሳት ምን እንደሆነ ለማወቅም አንድ ጊዜ ካሮት በዘፈቀደ በትኖ ማረም ይበቃል።

የአፈር ምግብ

ከበረት የሚወጣው ሁሉ «እበት» ቢባልም ለጓሮ አንድ አይደለም። «አዛባ» ከሽንት ጋር የተለወሰው እርጥቡ ነው፤ በቀጥታ ችግኝ ሥር ከገባ ያቃጥላል። «ፍግ» በረት ጥግ ተከምሮ የሰነበተው፣ ሽታው የበረደው ነው። «ኩበት» ተጠፍጥፎ የደረቀው ማገዶ ነው። «ብስባሽ»፣ ባለሙያዎች «ኮምፖስት» የሚሉት፣ ቅጠል፣ ጭድ፣ አዛባና አፈር ተነባብረው አብረው የበሰሉት ነው፤ ሲጨብጡት ፍርክስክስ ይላል፣ ሲያሸቱት የዝናብ አፈር ይሸታል።

በእኛ አገር ችግሩ ፍግ ማጣት አይደለም፤ ማገዶ ማጣት ነው። ብርዱ ኩበቱን ወደ ምድጃ ይጠራዋል። ኩበት ሲነድ ናይትሮጂኑ በጭስ ይሄዳል፤ አመዱ ውስጥ ፖታሲየምና ጥቂት ፎስፈረስ ይቀራል። ስለዚህ አመዱን አይድፉ፤ በስሱ ጓሮ ላይ ይበትኑት። ግን አመድ ፍግን አይተካም። ድንች ያለበት መደብ ላይም አያብዙት፤ አፈሩ አሲድነቱን ሲለቅ የድንች ቆዳ ላይ ቅርፊት የመሰለ በሽታ ይበረታል።

ብስባሽ በጉድጓድ ይሠራል ወይስ በክምር? መጻሕፍቱ ሁለቱንም ይፈቅዳሉ። ደባርቅ ላይ ሐምሌ የገባበት ጉድጓድ ኩሬ ይሆናልና በክረምት በክምር፣ በበጋ በጉድጓድ ያድርጉት። እንጨት ሰክተው ይዋል ይደር፤ ሲነቅሉት ትኩስ ከሆነ እየበሰለ ነው፤ ቀዝቃዛና ደረቅ ከሆነ ውኃ ይጨምሩ፤ ቀዝቃዛና እርጥብ ከሆነ አገላብጠው ጭድ ይጨምሩ። በደጋ ከሦስት ወር በታች አይጠብቁ።

ከገበያ ከሚመጡት ማዳበሪያዎች ዩሪያና ኤን ፒ ኤስ ይገኙበታል። ዩሪያ 46 በመቶው ናይትሮጂን ነው፤ ቅጠል ያበዛል። ኤን ፒ ኤስ ናይትሮጂን፣ ፎስፈረስና ሰልፈር አለው፤ ከዘር ጋር ይገባል። ለድንች ዩሪያ የሚያበዛ ሰው ያማረ ቅጠልና ጥቂት ድንች ያገኛል።

ዘሩና ችግኙ

«ምርጥ ዘር» በባለሙያ ተመርምሮ የወጣ ዘር ነው። «ነባር ዘር» አገሩ ሲዘራው የኖረው ነው። «ዲቃላ» ሁለት የተለያዩ ወላጆች ተገናኝተው የወለዱት ነው፤ በመጀመሪያው ዓመት ጥሩ ይሰጣል፤ ከእሱ ከሰበሰቡት ዘር ግን ልጆቹ እንደ አባት ወይም እንደ አያት፣ እንደ ፈቀዱት ይወጣሉ። ዲቃላ የገዛ ሰው በየዓመቱ መግዛት አለበት፤ ነጋዴው ይህን ሲናገር አልሰማሁም።

«የብቅለት መጠን» የሚለውን ከከረጢት ላይ ከማመን ራስዎ ይሞክሩ። 20 ፍሬ ቆጥረው በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልለው ከምድጃ አጠገብ ያኑሩ። በሳምንት ወይም በአሥር ቀን 16ቱ ከበቀሉ 80 በመቶ ነው፤ ይዝሩት። 10 ብቻ ከበቀሉ እጥፍ አድርገው ይዝሩ። የቀይ ሽንኩርት ዘር ቶሎ ያረጃል፤ ከሁለት ዓመት ያለፈውን አይመኑ።

«ማፍላት» ዘርን በትንሽ መደብ አጥብቆ ዘርቶ ችግኝ ማድረግ ነው። ጎመን፣ ጥቅል ጎመን፣ ሰላጣ፣ ቀይ ሽንኩርት ይፈላሉ። ካሮት አይፈላም፤ ሥሩ ከተነካ ይጣመማልና እዚያው ይዘራል፣ እዚያው ያድጋል። «ማሳሳት» ተጨናንቀው የበቀሉትን ነቅሎ መቀነስ ነው። ለብዙ ሰው ከባድ ሥራ ነው፤ ያበቀሉትን መንቀል አንጀት ይበላል። ቀይ ሥር ላይ ግን ማምለጫ የለም፦ አንድ ፍሬ የሚመስለው በእውነቱ የብዙ ዘሮች ጥቅል ነው፤ ከአንድ ጉድጓድ ሦስት አራት ይበቅላሉ። ካልሳሱ ሁሉም ጣት አክለው ይቀራሉ።

«ማላመድ» የጎረቤቴ ቃል ናት። ችግኝ ከዳስ ጥላ፣ ከጆንያ ልብስ፣ ከጠዋት ማታ ውኃ ወጥቶ ነፋስና ብርድ ወዳለበት ከመሄዱ በፊት ከሰባት እስከ አሥር ቀን ይሠለጥናል። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት ዳሱን ለጠዋት ፀሐይ ብቻ ይግለጡ፤ ከዚያ ለሙሉ ቀን፤ ከዚያ ውርጭ ለማይፈራበት ሌሊት። ውኃውንም ይቀንሱ፤ ቅጠሉ ሊጠወልግ ሲል ብቻ ያጠጡ። ሲላመድ ቅጠሉ ይወፍራል፤ ግንዱ ወደ ሐምራዊ ይሄዳል። «ማዛወር» ከዚህ በኋላ ነው፤ ደመና ባለበት ቀን ወይም ከ10 ሰዓት በኋላ፣ ሥሩ አፈር እንደያዘ።

ድንች

ጀርመናዊው የዕፅዋት ተመራማሪ ዊልሄልም ሺምፐር ድንችን ወደ ኢትዮጵያ ያስገባው በ1858 እ.ኤ.አ. እንደሆነ ይነገራል። ሰውየው የስሜኑ ደጃዝማች ውቤ አስጠግተው ግዛት የሰጡት፣ በስሜን ተራሮችም ዕፅዋት ሲለቅም የኖረ ነው። ዛሬ ድንች ከደጋው ሰው ምሳ ላይ መጤ አይመስልም፤ ቃላቱም ሙሉ በሙሉ ያማርኛ ሆነዋል።

«ዓይን» የድንች ቆዳ ላይ ያለችው ጎድጎድ ያለች ቦታ ናት፤ ቡቃያው ከዚያ ይወጣል። «ዘር ድንች» የእንቁላል ያህል መጠን ያለው፣ ብዙ ዓይን ያለው ነው። ብዙ ቤት ትልልቁ ይሸጣል፣ መካከለኛው ይበላል፣ ትንሹ ለዘር ይቀራል። ይህ ልማድ በየዓመቱ ደካማውን መርጦ መዝራት ነው። ይልቅስ ድንቹ ሲያብብ ጓሮውን ይዙሩ፤ ጠንካራና ጤናማ ከሆኑት ሥር እንጨት ይትከሉ፤ ሲቆፍሩ የእነዚያን ለብቻ ለዘር ያስቀምጡ።

«ማጎንቆል» ዘር ድንችን ከመትከል በፊት ቡቃያ እንዲያወጣ ማድረግ ነው። ጨለማ ጎተራ ውስጥ ከጎነቆለ ነጭ፣ ረጅም፣ ሲነኩት የሚሰበር ቡቃያ ያወጣል። የተበተነ ብርሃን ባለበት መደርደሪያ ላይ፣ ፀሐይ በቀጥታ ሳይመታው፣ ከተደረደረ ግን አጭርና ወፍራም ቡቃያ ይሰጣል። የሚፈልጉት ሁለተኛውን ነው። በመስመሮች መካከል ክንድ ተኩል፣ በተክሎች መካከል ስንዝር ተኩል፣ ጥልቀቱ ከአንድ ጋት ጥቂት አለፍ ያለ።

ቀጥሎ ሦስት የሚምታቱ ሥራዎች ይመጣሉ። «ማረም» አረሙን መንቀል ነው። «መኮትኮት» የጠጠረውን የአፈር ፊት አላልቶ ውኃና አየር ማስገባት ነው። «ማስታቀፍ» ደግሞ አፈሩን ከግራና ከቀኝ ወደ ግንዱ ሰብስቦ ተክሉን እንደ ሕፃን ማሳቀፍ ነው። ድንች የሚያፈራው ከሥሩ ሳይሆን በአፈር ውስጥ ከተቀበረው ግንድ በሚወጡ ቅርንጫፎች ጫፍ ላይ ነው፤ የተቀበረው ግንድ ሲበዛ ማፍሪያው ይበዛል። ተክሉ አንድ ስንዝር ሲሆን አንድ ጊዜ፣ ከሁለት ሦስት ሳምንት በኋላ ሁለተኛ ጊዜ ያስታቅፉ። ብርሃን ያየ ድንች አረንጓዴ ይሆናል፤ አረንጓዴው መራራና መርዛማ ነው፤ ለልጅ አይስጡት።

ከመቆፈር ሁለት ሳምንት በፊት ቅጠሉን ከነግንዱ ይጨዱት። ቆዳው ይጠናል፤ በጣት ሲያሹት የማይላጥ ከሆነ ደርሷል።

ምች፣ ዋግ፣ ክሽክሽ

በሰው ላይ «ምች» ሲሆን ዳማከሴ ይጨመቃል። የድንች ምች ሌላ ነው። ብርድና እርጥበት ሲገጥሙ፣ በተለይ በሐምሌና በነሐሴ ጉም፣ ሻጋታ መሰል ተዋህሲ ቅጠሉን ይይዛል፤ ጥቁር ቁስል ይወጣል፤ ጠዋት ቅጠሉን ሲገለብጡ በቁስሉ ዙሪያ ነጭ ሱፍ ይታያል። በ1845 እ.ኤ.አ. አየርላንድን ወደ ረኃብ የከተታት ይኸው ነው። በቀናት ውስጥ መደቡን ይጨርሳል። የታመመውን ቅጠል ቆርጠው ይቅበሩ፤ መደብ ላይ አይተዉት። መድኃኒት የሚረጩ ከሆነ ከመታመሙ በፊት ነው፤ መጠኑንም የቀበሌዎን የግብርና ባለሙያ ይጠይቁ።

«ዋግ» በነጭ ሽንኩርትና በስንዴ ቅጠል ላይ የብረት ዝገት የመሰለ ዱቄት ነው፤ በጣት ሲነኩት ይቀባል። «ክሽክሽ» ከጎመን ቅጠል ሥር ተደርድራ ጭማቂውን የምትመጥ ጥቃቅን ነፍሳት ናት፤ ሳሙና በተበጠበጠበት ውኃ ትታጠባለች። «ቆራጭ ትል» ሌሊት ችግኝ ከሥሩ ይቆርጣል፤ ጠዋት ከወደቀው ችግኝ አጠገብ አፈሩን ጣት ያህል ቢጭሩ ተጠቅልሎ ያገኙታል። ፍልፈል ላይ ግን የምመክረው የለኝም። እየተሸነፍሁ ነው።

ነጭ ሽንኩርት ሲነቅሉ ከራሱ ሥር ነጭ ጥጥ የመሰለ ሻጋታ ካዩ፣ ነገሩ ከባድ ነው። የዚህ በሽታ ዘር አፈር ውስጥ እስከ 20 ዓመት ሊቆይ ይችላል። ያንን መደብ ለሽንኩርት ዘር ሁሉ ይዝጉት፤ «ማፈራረቅ» በሚለው ሥርዓት ባቄላ፣ ጎመንና ድንች በየተራ ያብቅሉበት። ዶማውንም አጥበው ወደ ሌላ መደብ ይግቡ። በዚያ መደብ የነጭ ሽንኩርቱን ፍልቃቂ ሲተክሉ ሹሉ ጫፍ ወደ ላይ፣ ደልዳላው ወደ ታች መሆኑን አይርሱ፤ ሲደርስ ከታች ያሉት ቅጠሎች ቢጫ ይሆናሉ።

ማዳቀል፣ አንድ ቃል ለሁለት ሥራ

«ዲቃላ ዘር» ከላይ አይተናል። «የተዳቀለ የአፕል ችግኝ» ሲባል ግን ሌላ ነው፦ የአንዱ ዛፍ ቀንበጥ በሌላው ሥር ላይ ተጣብቆ ሁለቱ አንድ ሆነው ያደጉበት ነው። ቃሉ አንድ በመሆኑ ገዢው ብዙ ጊዜ ይሳሳታል። አፕል በእንቅልፉ ወቅት ብርድ ስለሚፈልግ እንደ ጨንቻ ያለ ደጋ ይስማማዋል፤ የእኛም ብርድ አይጠላውም። ችግኙን ሲተክሉ የተጣበቀበትን እብጠት ከአፈር በላይ አንድ ጋት ያስቀሩ። ከእብጠቱ በታች የሚወጣ ቀንበጥ የሥሩ ነው፤ አፕል ብለው ያሳደጉት ዱር ሆኖ ይቀራል። ወዲያው ይቁረጡት። ይህ «መግረዝ» ነው፤ የማይፈለገውን ቅርንጫፍ ከመነሻው ማንሣት። «መከርከም» ግን ጫፍ ጫፉን ማስተካከል ነው፤ ጌሾና የአጥር ተክል ይከረከማል።

ዘር ማስቀረት

የጎመን ቅጠል ከሥር ከሥር «ይቀነጠሳል»፤ ልቡ አይነካም። ለዘር የሚያስቀሩትን ግን አይቀንጥሱት፤ ግንድ አውጥቶ ያብብ። የጎረቤት ጎመን በዚያው ሳምንት ካበበ ንብ ታገናኛቸዋለች፤ እኔና ጎረቤቴ ተራ ገብተናል፣ ዘንድሮ የእሳቸው፣ ለከርሞ የእኔ። ቆባው ቢጫ ሆኖ ሲደርቅ ጠዋት ጤዛው ሳይለቅ ይጨዱት፤ ፀሐይ ከበረታችበት ይፈነዳና ዘሩ ይፈስሳል። ጥላ ላይ አድርቀው ወቅተው፣ በደረቅ ቅል ከጥቂት ደረቅ አመድ ጋር አድርገው ከምድጃ ራቅ አድርገው ይስቀሉት። ቅሉ ላይ ወረቀት ይለጥፉበት፦ የተሰበሰበበትን ወር፣ ሲያፈሉት ችግኙ የፈጀውን ቀን ይጻፉበት። የኔው ላይ «ደባርቅ፣ 46» የሚል አለ።